ስለ ዊ ዩው፦ እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ

አዘዞ ጌም ቤት ልከፍት ነው ያልከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሁለት ያገለገሉ ዊ ዩ (የጃፓኑ ኒንቴንዶ የሠራው ጌም መጫወቻ ኮንሶል) ማሪዮ ካርት 8 ከሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ጋር በርካሽ ልስጥህ ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ ኮንሶሉ ገበያ እንዳልነበረው ብታውቅም ጌሙ ተወዳጅ ስለሆነ ሰው ይስብልኛል ወይ ነው የምትለው። ይስብልሃል። ለሁለት ወር።

በ2006 ክረምት ጎንደር ማራኪ ሰፈር ጌም ቤት ነበረኝ፤ ሦስት ፕሌይስቴሽን 3። ጌሙ በግንቦት እንደወጣ አንድ ዘመዴ ዊ ዩ ይዞልኝ መጣ። የአሜሪካው አዳፕተር 120 ቮልት ነው። እኔ እንደ ፕሌይስቴሽኑ መስሎኝ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጭል ብሎ ጠፋ፣ ከዚያ ሽታው መጣ። ሌላ አዳፕተር እስኪላክልኝና ትራንስፎርመር እስክገዛ ሦስት ሳምንት ሄደ።

ከተነሳ በኋላ ግን ጉድ ነበር! ስክሪኑ ለአራት ይከፈልና አራት ልጅ አንድ ላይ ይነዳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ አንደኛ ያለውን ልጅ ጌሙ ውስጥ ያለችው ሰማያዊ የዔሊ ቅርፊት ልትመታው ስትመጣ የሚነሳው ጩኸት ከዝናቡ ይበልጥ ነበር። ጆይስቲክ ነክታ የማታውቅ እህቴ ሳትቀር ተሰልፋለች። ሁለተኛ ልጨምር ብዬ ብር ማጠራቀም ጀምሬ ነበር።

መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ ወረፋው ወደ ኳስ ዞረ። የጌም ቤት ሒሳብ ታውቀዋለህ፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ቂም ይያዛል፣ ነገ ሊበቀል ይመጣል። በመኪና እሽቅድምድም ቂም የሚይዝ የለም። እዚያው ዊ ዩ ላይ ኳስ ልክፈትላቸው ብል ያለው ፊፋ 13 ብቻ፤ ፊፋ 14 ለሱ አልወጣም። ቤል ሪያል ማድሪድ ከገባ ዓመት ሞልቶት እኔ ቤት ገና ለቶተንሃም ይጫወታል። ልጆቹ ሳቁብኝ።

በኋላ ቁጥሩን ሳይ የኔ ቤት ታሪክ የዓለሙ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ጌሙ በወጣበት ሩብ ዓመት ኒንቴንዶ 510 ሺህ ዊ ዩ ሸጧል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያው ወቅት 160 ሺህ ነበር። ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሆኖም ኮንሶሉ በጠቅላላ ዕድሜው የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ከሱ በፊት የነበረው ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸጦ ነበር። በጌሙ አትፍረድ፤ ወደ 8 ሚሊዮን ተኩል ኮፒ ሄዷል፣ ማለትም ከባለቤቶቹ ከግማሽ በላዩ ገዝቶታል። ገና ያልገዛው ሰው ግን ከሱ ቀጥሎ ምን እጫወታለሁ ሲል መልስ አጣ፤ ከኒንቴንዶ ውጭ ያሉት ትልልቅ ጌም ሠሪዎች ጥለውት ሄደው ነበርና። በጥር 2009 ምርቱ ቆመ። ያው ጌም ትንሽ ታድሶ ከዊ ዩ ቀጥሎ ለመጣው የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ ለስዊች፣ ሲወጣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

አንድ ጌም የወደቀ ኮንሶል አንስቶ አያውቅም ግን አልልህም። በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ እያረጀ ሳለ በፈረንጆቹ 1996 ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን የሚባለው ጌም ወጣና ዕድሜ ቀጠለለት። እሱ ግን በየቤቱ የተዳረሰ ኮንሶል ነበር። ሲወጣ እንደታሰበው ያልተሸጠው ሌላው የኒንቴንዶ የእጅ ኮንሶል 3ዲኤስም ተነስቷል፤ የሱ ግን በመጀመሪያ ዋጋው ከ250 ዶላር ወደ 170 ወረደ፣ ከዚያ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት የማሪዮ ጌሞች በተከታታይ መጡለት።

የኔው ዊ ዩ መጨረሻው ሌላ ነው። አንድ ልጅ ጌምፓዱን (ስክሪን ያለውን የዊ ዩ ጆይስቲክ) ሲሚንቶ ላይ ጣለው፣ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ያለ ጌምፓድ ደግሞ ሴቲንግ እንኳ አይከፈትም። አዲስ አበባ ድረስ ልኬ ዕቃ የለውም ተብሎ ተመለሰ፤ በገዛሁበት ሲሶ ሸጥኩት።

ስለዚህ አንዱን ብቻ ውሰድ፣ እሱንም ለክረምትና ለበዓል ሰሞን። ዋናው ብርህ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይዋል። ከመክፈልህ በፊት የጌምፓዱን ስክሪን አራቱንም ጥግ በጣትህ ሞክረው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እዚያው ተቀምጠህ እይ። የአሜሪካ ዲስክ ብቻ እንደሚያነብም አትርሳ፤ ከአውሮፓ የመጣ ሲዲ ቢሰጡህ አይሠራልህም። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ደግሞ በደንብ አንብበው እባክህ።