ድስቱን መዝኑት፦ ክብደት ስንቀንስ የምንበላውን በትክክል ስለመመዝገብ፣ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበላነውን ሳናሳንስ መዝግቦ ስለመያዝ። ጥያቄያችሁን አምጡ፣ በግራምና በካሎሪ እመልሳለሁ። ካሎሪ ስል በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን ኪሎ ካሎሪ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን። አምስት ሳምንት ሙሉ ስመዘግብ በቀን 1,400 ካሎሪ አልፌ አላውቅም። ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰውነቴ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውነትሽን ከመጠርጠራችን በፊት መዝገቡን እንፈትሽ። በ1992 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት «ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም» የሚሉ ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሰውነታቸው ካሎሪ የሚያቃጥለው እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ተገኘ፤ የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው ነበር የሚናገሩት። ስህተቱ ማንም ላይ ይደርሳል።

በእኛ ምግብ ከመዝገብ የሚያመልጠው በዋናነት ቁሌት ውስጥ የገባው ዘይትና ቅቤ ነው። ቀጥሎ ቆመን የምንበላው ይመጣል፦ ወጥ ስንቀምስ፣ ልጆች ያስተረፉትን ስናነሳ፣ ቆሎ በእፍኝ ስንዘግን። ከዚያ የሚጠጣው አለ። በቀን ሦስት ስኒ ቡና ጠጥተሽ በእያንዳንዱ ሁለት የተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጨምሪ፣ ማንኪያው 6 ግራም ቢይዝ 36 ግራም ስኳር ነው፤ ወደ 140 ካሎሪ። በሳምንት ወደ 1,000 ይጠጋል፤ «ቡና» ተብሎ ሲመዘገብ ግን ዜሮ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወጥ እንዴት ይመዘናል? ካሎሪ የምመዘግብበት የስልክ አፕ ላይ «ምስር ወጥ» ብዬ ስፈልግ አምስት የተለያየ ቁጥር ያመጣልኛል።

መልስ፦ አምስቱንም ተዪያቸው፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች የየራሳቸውን ያስገቡት ስለሆነ ያንቺን ድስት አያውቁትም። እስከ 5 ኪሎ የሚይዝ፣ በ1 ግራም የሚቆጥር ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃሻል።

መጀመሪያ ባዶውን ድስት ያለ ክዳኑ መዝኚና ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ያዢው፤ ሁልጊዜ የሚያገለግል ቁጥር ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ጥሬውን እየመዘንሽ ጻፊ። ዘይት ላይ ግን በማንኪያ አትድከሚ። ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊው፣ ድስቱ ውስጥ የምትፈልጊውን ያህል አፍስሺ፣ ጠርሙሱን መልሰሽ አስቀምጪ። ሚዛኑ −138 ካለ የገባው ዘይት 138 ግራም ነው። ቁሌቱ እየደረቀ መሀል ላይ የምትጨምሪውም እንደዚሁ ይመዘን፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ሁለተኛውን ጭማሪ ነው።

አንድ ድስት እንሥራ። ምስር ክክ 500 ግራም 1,760 ካሎሪ፣ ሽንኩርት 400 ግራም 160፣ ዘይት 138 ግራም 1,220፣ በርበሬ 50 ግራም ወደ 150። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን በግምት ብትጽፊ አይጎዳሽም። ድምሩ 3,290 አካባቢ ነው። ወጡ ሲወርድ ድስቱን ከነወጡ መዝነሽ የባዶውን ክብደት ቀንሺ። 2,200 ግራም ቢተርፍ 3,290ን ለ2,200 አካፍዪ፦ በግራም 1.5 ካሎሪ። 180 ግራም የሆነ ጭልፋ 270 ካሎሪ ይሆናል። ከድስቱ ካሎሪ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሆነው ዘይቱ ነው፤ ዘይቱን ሳትመዘግቢ ከቀረሽ 270ው 170 ይመስልሻል።

የሚበላሸውም እዚህ ነው። የጋለ ድስት ሚዛኑን ስለሚጎዳ ወፍራም ጣውላ አስቀምጪና ዜሮ አድርገሽ ከላዩ ጫኚ። ስትጨልፊ ዘይቱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ መጀመሪያ አማስዪው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ጭልፋ ዘይት፣ የመጨረሻው ክክ ይሆናል። ወጥ በነጋታው ሲሞቅ ደግሞ ውሃው ይተናል፤ ያው 180 ግራም የበለጠ ካሎሪ ይይዛል። ቀላሉ መፍትሔ በተሠራበት ቀን በየድርሻው በዕቃ መክፈል ነው።

ጥያቄ፦ እንጀራስ? አንዱ 200 ይላል፣ አንዱ 500።

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የምጣዱ ስፋትና የሊጡ ውፍረት ይለያያል። ቤት የሚጋገር ከሆነ ከዱቄቱ ተነስ። 3 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ወደ 11,000 ካሎሪ አለው። 22 እንጀራ ከወጣው እያንዳንዱ 500 ነው። ቀዝቀዝ ሲል ጥቂቱን መዝነህ አማካዩን ያዝ፤ 330 ግራም ቢሆን በግራም 1.5 ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቆረስከውን ብቻ ትመዝናለህ። ሩዝ፣ ገብስ ወይም ውጭ አገር እንደሚደረገው የስንዴ ዱቄት ቢደባለቅ በኪሎ ዱቄት ካሎሪው ብዙም አይለወጥም። የሚለውጠው ውፍረቱ ነው። ከሱቅ የምትገዛ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ለስንት ግራም እንደሆነ እይ፤ አንዳንዱ የግማሽ እንጀራ ነው።

ፍርፍር ሲሆን እንጀራውን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ስፖንጅ ነውና ቁሌቱን ከነዘይቱ ይጠጣዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ለብቻዬ ሳህን ባነሳ እናቴ ታዝናለች።

መልስ፦ አታንሺ። ገበታው ሳይቀርብ የራስሽን እንጀራ መዝነሽ ጠቅልለሽ አጠገብሽ አድርጊ፤ ከትሪው አትቁረሺ። ወጡ ሲወጣ በፊትሽ የሚፈስልሽን ጭልፋ ቁጠሪ፤ የጭልፋውን መጠን አንድ ቀን በሚዛን ካወቅሽው ይበቃል። ጉርሻ ከመጣ ተቀበዪና ጻፊው፤ 40 ግራም ቢሆን 60 ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስት ጉርሻ ሳይጻፍ ሲቀር ነው ነገሩ የሚዛባው።

ጥያቄ፦ ሩዝና ፓስታ በጥሬው ነው ወይስ ሲበስል የሚመዘነው?

መልስ፦ በሁለቱም ይሆናል፤ ብቻ አታደባልቀው። 100 ግራም ጥሬ ሩዝ 360 ካሎሪ ነው፣ የበሰለው 130። የበሰለውን መዝነህ በጥሬው ከጻፍክ ወደ ሦስት እጥፍ ታበዛለህ፣ ጥሬውን መዝነህ በበሰለው ከጻፍክ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ሥጋም ቅቤም ሳልቀምስ ለምን እጨምራለሁ?

መልስ፦ ቅቤው ሲቀር ዘይቱ ስለሚበዛ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ንጥር ቅቤም ከዚያው አይርቅም፤ የጾም በመሆኑ የሚቀንስ ነገር የለም። ኦቾሎኒ በ100 ግራም 570 ገደማ አለው፣ የሱፍ ፍሬም እዚያው አካባቢ ነው። የአቮካዶ ጁስ ውስጥ 180 ግራም ፍሬና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ካለ ወደ 390 ይደርሳል፤ ይህ ምሳ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሚበሉ አንድ ምክር፦ ድርሻችሁን ከመብላታችሁ በፊት መዝናችሁ ጻፉ። የራበው ሰው ከበላ በኋላ አያስታውስም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የምበላው እነሱ የበሉትን ነው፣ ሩዝ በዶሮ። ድስቱን መመዘን አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለይተሽ ሁልጊዜ በእሱ ብዪ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚዛን ዕድል ካገኘሽ በሩዝ ሞልተሽ መዝኚው። «የተቀቀለ ሩዝ» ብለሽ መዝግቢና በእያንዳንዱ ሳህን ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፤ እንዲህ ያለው ሩዝ በስብ ነው የሚሠራው። የዶሮውን ቆዳ አንሺ። ቁጥሩ ግምት ቢሆንም በየቀኑ በአንድ መንገድ ከገመትሽ ስህተቱም አንድ ዓይነት ስለሚሆን ማስተካከል ይቻላል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚስተካከለው?

መልስ፦ በሰውነት ሚዛን። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀመስ ተመዘኑና የሰባቱን ቀን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ። የአንድ ቀን ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ጨው የበዛበት እራት ብቻውን ውሃ ይዞ ኪሎ ሊያስጨምር ይችላል። ሴቶች የወር አበባ ዑደታቸውን ተመሳሳይ ሳምንት ቢያስተያዩ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ቅናሽ ብዙው ውሃ ስለሆነ አትቁጠሩት። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት 1 ኪሎ ከቀነሳችሁ፣ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነውና ለ28 ሲካፈል የበላችሁት ሰውነታችሁ ከሚያቃጥለው በቀን በ275 ጎድሏል ማለት ነው። መዝገባችሁ 500 ጎድሏል የሚል ከሆነ 225 የት እንደገባ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዘይት ጠርሙሱ ውስጥ ወይም ቅዳሜና እሑድ ላይ ነው። አፑ ስለ እግር ጉዞ የሚሰጣችሁን ካሎሪ መልሳችሁ አትብሉት፤ እሱም ግምት ነው።

ጥያቄ፦ 62 ዓመቴ ነው፣ የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። እኔም ልመዝግብ?

መልስ፦ መመዝገቡ ይጠቅምዎታል እናቴ፤ መዝገቡን ለሐኪምዎ ያሳዩበታል። ምግብ ከመቀነስዎ ወይም ከመጾምዎ በፊት ግን ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ኢንሱሊንና አንዳንድ እንክብሎች ምግቡ ሲያንስ ስኳርዎን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣብዎ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። ክትፎ ቤት ስገባ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ስንት ግራም ሥጋ እንደሆነ ጠይቅ። 250 ግራም ጮማ የሌለው ሥጋ ወደ 325 ካሎሪ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ከገባበት ሌላ 350 ጨምር። «ለብ ለብ፣ ቅቤው ለብቻ ይምጣ» በልና በማንኪያ እየቆጠርክ ራስህ አፍስስ።