4 ዓመት የቆመውን መኪና ስለማስነሳት

ወንድሜ፣ የአባትህ ናፍጣ ላንድክሩዘር ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ 4 ዓመት ቆሟል፣ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ላስነሳው ወይ ነው ጥያቄህ። እባክህ ገና ቁልፉን እንዳትነካ። ጎረቤት ሰብስበህ ገፍተህ ለማስነሳትም እንዳታስብ።

መጀመሪያ ነዳጁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ ነው። ጎደሎ ታንከር ውስጥ ያለው አየር በየሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ከናፍጣ ስለሚከብድም ታች ይተኛና ታንከሩን ያዝገዋል። ይህ ውሃ ፓምፑ ውስጥ ከገባ ኪስህን ነው የሚያራቁተው። የአጎቴን ፒካፕ ስከፍት መጀመሪያ የወረደው ቡናማ ውሃ ነበር። ስለዚህ ከታች አፍስሰው፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ አዲስ ናፍጣ ሙላና በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣ።

የሞተር ዘይቱንም ከነፊልትሮው ቀይር። የራዲያተር ውሃና ቺንጋ እይ። የአየር ማጣሪያውን ክፈተው፣ አይጥ ጎጆ ሠርታበት ይሆናል፤ ሽቦም በልታ ይሆናል። ከዚያ ሞተሩን ከፊት ባለው ትልቁ ቡሎን በመፍቻ፣ በእጅህ፣ ሁለት ዙር አዙረው። ከዞረልህ እፎይ በል፣ አልተጣበቀም ማለት ነው። እምቢ ካለ አታስገድደው፣ መካኒክ ጥራ። ባትሪው ከዚህ በኋላ ነው።

ቢነሳልህም ደስታው ገፍቶህ ወደ ደብረ ሲና እንዳትወርድ! የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆንብሃል። የፍሬን ዘይቱን ቀይር፣ ጎማው መሰነጣጠቁን እይ፣ መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ሞክረው።