ዝጎና ዱልዱም ሆኖ የመጣ ቢላ ይድናል?

ይድናል፣ አትጣለው። በ600 ብር በቴሌግራም ያዘዝከው ቢላ ዝጎ፣ ቲማቲም እንኳ አልቆርጥ ብሎ መምጣቱ ያበሽቃል፤ ግን ሁለቱም ቤት ውስጥ ይስተካከላሉ። ተስፋ የሌለው ብረቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ነው። ከተሰነጠቀ ምንም ሳትነካካው ፎቶ አንሳና ለሻጩ መልስለት።

1. ግማሽ ሎሚ ጨው ላይ ነክረህ ዝገቱን እሸው። አስር ደቂቃ ያህል ተወው፣ እጠበው፣ ወዲያው አድርቀው። ጠቆር ያለ ምልክት ቢቀር አያሳስብም።

2. ስለቱን ዳር ዳሩን በማርከር ቀባው። ሞረዱን አርጥበህ፣ ትንሿ ጣትህ ከቢላው ጀርባ ስር የምትገባ ያህል አጋድመህ ሳለው። ሁለት ሦስቴ ገፋ አድርገህ እየው። ቀለሙ ከስለቱ ጫፍ ካልለቀቀ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርግ። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ስንት ጊዜ የቢላውን ሆድ ብቻ ስፈትግ ኖሬያለሁ! በሌላው ጎን በጣትህ ስትዳስስ ቀጭን ሻካራ ነገር ሲሰማህ ገልብጠው።

3. ሲያልቅ የምግብ ዘይት ቀባ አድርገው። ቶሎ የሚዝግ ብረት ስለሆነ እርጥብ አታስቀምጠው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ «ቶሎ ይሳልልኝ» ብለህ በኤሌክትሪክ መሞረጃ አታስስለው። እኔ አንዱን እንዲያ አስስዬ፣ የእሳት ፍንጣሪው ሲረግፍ በደስታ ቆሜ አይ ነበር። ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰልኝ። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ገድሎታል፤ በሳምንቱ ሽንኩርት እየጨፈለቀ ነበር።