ኮምፕሬሰር ልገዛ ነው፤ አዲስ ይሻላል ያገለገለ? (ጥያቄና መልስ)

ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ላላቸው ሰዎች «ስለ አየር ኮምፕሬሰር ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሻለሁ። የምሸጠው ነገር የለኝም። የምናገረው ፈትቼ ካየሁት፣ አንዳንዴም ራሴ ካበላሸሁት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ኮምፕሬሰር አይቻለሁ። አንዱ 3 ፈረስ ጉልበት ሆኖ ታንኩ 50 ሊትር ነው። ሌላው 2 ፈረስ ጉልበት፣ ታንኩ 100 ሊትር። የቱን ልውሰድ?

በነዚህ ቁጥሮች ብቻ አይወሰንም ወንድሜ። መጠየቅ ያለብህ «በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል? በስንት ባር?» ብለህ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። መሣሪያህ የሚበላው አየር እንጂ ፈረስ ጉልበት አይደለም።

ታንኩን እንደ ውሃ በርሜል አስበው። በርሜሉ የፈለገውን ያህል ትልቅ ይሁን፣ የሚሞላው ቧንቧ ቀጭን ከሆነ አንዴ ካለቀ ቆመህ መጠበቅ ነው። ትልቅ ታንክ ትንሽ ፋታ ይሰጥሃል፣ አየር ግን አይፈጥርልህም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ ባለው የመረጃ ሳህን የሚጻፈው የአየር መጠን ከፒስተኑ ስፋትና ፍጥነት ተሰልቶ የተገኘ ነው። በተግባር የሚወጣው የዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶው ገደማ ነው። 250 ሊትር ከሚል ማሽን 160 ቢወጣ አትደንግጥ።

ፈረስ ጉልበቱንም ቢሆን ተለጣፊውን አትመን፤ የሞተሩን ሳህን እይ። አንድ ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ «5 ፈረስ ጉልበት» ተለጥፎበት፣ ሞተሩ ላይ ግን በ220 ቮልት 9 አምፔር የሚል አይቻለሁ። አባዛው፤ 1980 ዋት ነው። የሚባክነው ሲቀነስ ከ2 ፈረስ ጉልበት ብዙም አይዘልም። ቀሪዎቹ 3 ፈረሶች ወረቀቱ ላይ ነው ያሉት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለኔ ስንት ሊትር ይበቃኛል?

ሥራህ ይወስነዋል። ጎማ ለመንፋት፣ አቧራ ለማራገፍና ለአየር ሚስማር መምቻ ትንሹም ኮምፕሬሰር ይበቃል። የአየር ቡሎን መፍቻ በደቂቃ ከ110 እስከ 150 ሊትር ይፈልጋል፤ ግን የምትጠቀመው ለአፍታ ለአፍታ ስለሆነ ታንኩ ያግዝሃል። የቀለም መርጫ እንደ ዓይነቱ ከ200 እስከ 400 ሊትር ሊወስድ ይችላል። የአየር ማለስለሻ ደግሞ ሆዳም ነው፤ እጅህ ላይ እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ ከ250 ሊትር በላይ ይበላል። አሸዋ መርጫ ያሰበ ሰው ለቤት የሚሆን ኮምፕሬሰር ባይፈልግ ይሻለዋል።

በጣም አየር የሚፈልገውን መሣሪያህን ምረጥ። እሱ ላይ ሩብ ያህል ጨምርበትና ያንን የሚሰጥ ማሽን ፈልግ። ፒስተን ኮምፕሬሰር ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ እንዲሠራ አልተሠራም። አብዛኛው ለቤት የሚሸጠው ግማሹን ሰዓት ማረፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ለማየት ልሄድ ነው። ምን ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ እጅህን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፍ። ሞቆ ከጠበቀህ ከመምጣትህ በፊት አስነስተውታል ማለት ነው። ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ ቀዝቃዛ ሲሆን የማይነሳ ማሽን አለ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ሻይህን ጠጣ።

ከዚያ አየሩ ወጥቶ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋግጥና ከታንኩ ሥር ያለውን የውሃ ማውጫ ክፈት። ትንሽ ውሃ ቢወጣ ያለ ነው። የቀይ ሻይ ቀለም ያለው ውሃ ከቅርፊት ጋር ከወጣ ግን ታንኩ ከውስጥ እየተበላ ነው። የታንኩን ሆድ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከታፈነ፣ ወይም ብረቱ ጎድጎድ ካለ፣ ተሰናብተህ ውጣ። ታንኩ ላይ የተሠራበት ዓመት፣ ሊትሩና ከፍተኛው ግፊት የተጻፈበት ሳህን መኖር አለበት። ሳህኑ ከተነቀለ ለምን እንደተነቀለ ጠይቅ።

አሁን ዋናው። ስልክህን አውጣና ሰዓት ያዝ። ማሽኑ ሲነሳ ጌጁን እያየህ ከ6 ባር እስከ 8 ባር ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ለካ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የታንኩን ሊትር በባሩ ልዩነት አባዛና ለደቂቃው አካፍል። 100 ሊትር ታንክ በ1 ደቂቃ 2 ባር ከጨመረ፣ በደቂቃ 200 ሊትር አየር እየሰጠህ ነው። ይህን ቁጥር ሻጭም ሆነ ተለጣፊ ሊያስውበው አይችልም።

ሞልቶ ሲቆም ከግፊት ማብሪያው «ጭስ» ብሎ ለአፍታ አየር ይወጣል። ትክክል ነው። ድምፁ ካላቆመ ግን አየር ከታንኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ አልዘጋም። ትንሽ እቃ ነው፣ መደራደሪያ ይሁንህ። መጨረሻ ላይ ነጭ ጨርቅ መውጫው ላይ ይዘህ አየሩን ልቀቅበት። ጨርቁ ዘይት በዘይት ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) አልቋል።

ጥያቄ፦ ያየሁት ታንክ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። ባለቤቱ «በጥሩ በያጅ አስበይጄዋለሁ» አለኝ። ዋጋው በጣም ጥሩ ነው።

ተወው። በያጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። አንድ ቦታ የተቀደደ ታንክ ዙሪያውንም ሳስቷል። የታመቀ አየር ደግሞ እንደ ውሃ አይደለም፤ ብረቱ ሲከዳው ይፈነዳል። ታንክ በውሃ ግፊት የሚፈተነው ለዚህ ነው፤ ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድም አፍስሶ ያበቃል። ፓምፑና ሞተሩ ደህና ከሆኑ ለነሱ ብቻ የሚገባውን ክፈልና ሌላ ታንክ ላይ ግጠማቸው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ «እምምም» ይላል እንጂ አይነሳም። በርካሽ ሊሰጡኝ ነው።

የታንኩን አየር በሙሉ አውጣና ሞክረው። ባዶ ሲሆን ተነስቶ፣ ግፊት ሲኖር እምቢ ካለ ጥፋቱ በአብዛኛው የዚያ ቅድም ያልኩት ቫልቭ ነው፤ ፒስተኑ የቀረ ግፊት ላይ እየገፋ ነው። ባዶም ሆኖ ካልተነሳ ሶኬቱን ንቀልና ቺንጋውን አውልቅ። ፓምፑን በእጅህ አዙረው፤ ከተቸከለ ፓምፑ ነው። በነፃ ዞሮ፣ ሞተሩ ብቻውን ሲሞከርም እምምም ካለ ወይ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው እቃ) ነው ወይ የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል። ካፓሲተር ቀላል ነው፣ ጥቅልል ግን ሌላ ወጪ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ረጅምና ቀጭን የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ እየተጠቀሙ እንዳልሆነ እይ። ስንት ሞተር በማራዘሚያ ተቃጥሏል! የሚረዝም ነገር ካስፈለገ የአየር ቱቦውን አስረዝም።

ጥያቄ፦ ዘይት የሌለው ወይስ ዘይት ያለው?

አልፎ አልፎ የምትጠቀም ከሆነና መሸከም ካለብህ ዘይት የሌለው ይሁንልህ። በቀጥታ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ርካሽ ዓይነቱ ግን ይጮሃል፤ ጎረቤት ያለው ሰው ያስብበት። ቺንጋ ያለው፣ ሲሊንደሩ ወፍራም ብረት የሆነው ዘይት ያለው ፓምፕ በዝግታ ይዞራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሲበላሽም ተፈትቶ ይጠገናል። እኔ ለሱ አደላለሁ።

ጥያቄ፦ የመኪና ሞተር ዘይት ብጨምርበትስ?

የኮምፕሬሰር ዘይት ለብቻው አለ፣ እሱን አድርግ። የመኪናው ዘይት ውስጥ ያሉት ማጽጃ ቅመሞች እርጥበት ይይዛሉ፣ ቫልቩ ላይም ጥላሸት ይጋገራል። የዘይቱ መስተዋት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ጥያቄ፦ የባለሦስት ፌዝ ኮምፕሬሰር በርካሽ አገኘሁ። ቤቴ አንድ ፌዝ ነው።

ሞተሩን መቀየር ወይም ፌዝ የሚቀይር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መግጠም ይቻላል። የዚያን ዋጋ ደምረህም ርካሽ ከሆነ ውሰደው። ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቀለም ስረጭ ውሃ ይተፋብኛል።

ይህ እኔንም ደርሶብኛል። የመጀመሪያ ኮምፕሬሰሬን የገዛሁት ቀይ ቀለሙ ስላማረኝ ነው። ሻጩም «የውሃ መለያ አለው፣ ሐሳብ አይግባህ» አለኝ። የሁለት ቀን ሥራ የሆነች በር ላይ የመጨረሻውን ቀለም ስረጭ እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ ብቻ ሆነች። ሙሉውን ፋቅኩት።

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ትኩስ አየር ደግሞ እርጥበቱን እንደያዘ ያልፋል። መለያው ፓምፑ ሥር ከተገጠመ አየሩ ገና ስላልቀዘቀዘ ውሃው በእንፋሎት መልክ ያመልጠዋል፣ ከዚያ ቱቦህ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ አየሩ ረጅም የብረት ቧንቧ ውስጥ አልፎ ይቀዝቅዝ፣ መለያውን ጫፍ ላይ ግጠም። ታንኩንም በየቀኑ አፍስስ።

ጥያቄ፦ ቧንቧው ፕላስቲክ ቢሆንስ? ፒቪሲ አለኝ።

አይሆንም። ፒቪሲ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ይበተናል።

ጥያቄ፦ እንግዲህ በአንድ ቃል፣ አዲስ ወይስ ያገለገለ?

መዶሻና ሰዓት ይዘህ ለመሄድ ትዕግሥት ካለህ ያገለገለ። ደህና የተያዘ አሮጌ የብረት ፓምፕ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ ቀላል አዲስ ይበልጣል። መፍታት መገጣጠም ካልወደድክ፣ ወይም ታንኩን ማመን ካቃተህ አዲስ ግዛ።

ጥያቄ፦ ቅድም ስለ ፍተሻ የጠየቅኩህ ነኝ። አሁን እቃው ጋ ቆሜያለሁ። ታንኩ 100 ሊትር ነው፣ ደህና ይመስላል። ከ6 ወደ 8 ባር 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀበት። ሳህኑ 250 ሊትር ይላል።

120 ሊትር ማለት ነው። ያንሳል። የአየር ማስገቢያውን ፊልትሮ አውልቀህ ለሙከራ አንድ ጊዜ ድገመው። ካልተለወጠ ቫልቮቹ ወይም ፋሻው ነው።

ጥያቄ፦ ፊልትሮው በቀለም ብናኝ ተደፍኗል። ሳወልቀው 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሆነ። ጨርቁም ንጹሕ ነው።

166 ሊትር። ግዛው። ፊልትሮውን ግን መልሰህ እንዳትገጥመው፣ አዲስ አድርግለት።