«መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው?» የአንባቢዎች ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሲመለስ ሆዱ አብጦ፣ ትኩሳት አልለቅ ብሎት መጣ። ጎንደር ሲመረመር ካላዛር ነው አሉ። አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት ላይ ጥናት አለ፣ ይሳተፋል ወይ ብለውም ጠየቁን። እናታችን «ልጄን መሞከሪያ አላደርግም» ብላ አለቀሰች። ጎረቤት ደግሞ ደሙን ወስደው ይሸጡታል ይላል። እሱ ግን መርፌ ስለሚፈራ አሁኑኑ ልፈርም ባይ ነው። ምን ይሻለናል? *(እህቱ፣ ከደብረ ታቦር)*

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ካልታከመ ከመቶ ሰው ከ95 በላዩን ይገድላል። ጥናቱን እንቢ ብትሉ እንኳ ሕክምናውን አንድ ቀን እንዳታዘገዩበት።

የደሙ ነገር ያስቃል፣ ግን አትሳቂ። ለምርመራ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት የሻይ ማንኪያ ነው፣ ያን ያህል ደም ገዢ የለውም። ሆኖም ካላዛር ራሱ ደም ያሳንሳል፤ ስለዚህ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ትቀዳላችሁ፣ የተረፈው ናሙና የት ይቀመጣል፣ ውጭ አገር ይላካል ወይ ብሎ መጠየቅ የአዋቂ ጥያቄ ነው።

ባዶ ክኒን ሰጥተው ሲሞት ያዩታል የሚል ፍርሃትም እሰማለሁ። እንዲህ በሚገድል በሽታ አዲሱ መድኃኒት የሚወዳደረው አሁን ከሚሰጠው ሕክምና፣ ማለትም ከመርፌው ጋር ነው። የትኛው እንደሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በዕጣ ይወሰናል፤ ሐኪሙም መርጦ አይሰጠውም። እንግዲህ መርፌ ጠልቶ የሚፈርመው ወንድምሽ ዕጣው መርፌ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ነግረውታል?

መርፌውም ቢሆን የመጣበት መንገድ አለው። ድሮ የካላዛር ሕመምተኛ 30 ቀን ይወጋ ነበር። ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ወደ 17 ቀን ማውረድ እንደሚቻል የታወቀው በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሕመምተኞች ፈቅደው በገቡበት ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መከረ። ዛሬ ያለጥናት የሚታከም ሰው በእነሱ ድካም ነው የሚታከመው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት፣ ግን አትጫኛት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን ከእናትሽ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወንድምሽ ነው። እሷ ፈርታ ቢሆንም እያሰበች ነው፣ እሱ ለመፈረም ቸኩሏል። በአገራችን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት እንቢ ማለት ነውር ይመስለናል፤ ወረቀቱ ይነበባል፣ ራስ ይነቀነቃል፣ ይፈረማል ወይ አውራ ጣት ይታተማል፣ ከዚያ ሰውየውን በር ላይ አቁመሽ ምን ፈረምክ ብትይው «ሐኪሙ ሕክምና አዘዘልኝ» ይልሻል። ጥናት የሚደረገው መድኃኒቱ ገና በደንብ ስላልታወቀ ነው። ሊሻል ይችላል፣ ላይሻልም ይችላል።

ከተለመደው ሕክምና የሚበዛም ነገር አለው። ተውሳኩ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ እንደገና በመርፌ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። ከወራት በኋላም ለክትትል ተመለስ ይባላል። ለቀን ሠራተኛ ይሄ ቀላል አይደለም። የአውቶቡሱን፣ የምግቡን፣ የቀረበትን የቀን ገቢ ማን ይችላል? ጉዳት ቢደርስበትስ ማን ያሳክመዋል? ይህ ሁሉ ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት፣ ካልተጻፈ ይጻፍልን በሉ።

አንድ መፈተኛ ልስጥሽ። «ግማሽ ላይ ብትወጣ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ፦ በፈለገበት ቀን ምክንያት ሳይሰጥ ይወጣል፣ መደበኛ ሕክምናውም አይቀርበትም የሚል ነው። ይህን ካላወቀ አልተረዳምና ገና አይፈርም። 18 ዓመት ከሞላው ፊርማው የእሱ ብቻ ነው፣ የእናትሽም የጎረቤትም አይደለም። ግን ይዛችኋት ሂዱ፣ አጥኚዎቹን ፊት ለፊት ትጠይቅ። እናት ስትጠይቅ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ለማምለጥ አይመችም።

ጥያቄ፦ ፈረንጆቹ ይሄን ሁሉ ጥናት ለምን እነሱ አገር አያደርጉትም? ፈረንሳዮቹ በቲቪ ያሉትን ረሳችሁት እንዴ? እነሱ ላይ ሞክረው የሠራውን ያምጡልን። *(የተቆጣ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)*

መልስ፦ አልረሳነውም ወንድሜ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና በገባ ሰሞን አንድ የፈረንሳይ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ የቲቢ መከላከያው የቢሲጂ ክትባት አፍሪካ ውስጥ ለኮሮና ቢሞከርስ ብለው በቴሌቪዥን ሲያወጉ፣ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ዘረኝነት ነው ብለው አፍሪካ የማንም ክትባት መሞከሪያ ሜዳ አትሆንም አሉ።

ከንግግር የባሰም ሆኗል። በ1996 ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ ማጅራት ገትር በገባበት ጊዜ ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን መድኃኒት 200 ሕፃናት በተካፈሉበት ጥናት ሞከረ። 11 ልጆች ሞቱ። ወላጆች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋቱን ባይቀበልም በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ስለዚህ የሚጠራጠረውን ሰው ያልተማረ ነው የሚሉ ባልደረቦቼ ያናድዱኛል።

ግን «እነሱ ላይ ሞክረው ያምጡልን» የሚለው ላይ አልስማማህም። ኮዴይንን ተመልከት፣ የሕመም ማስታገሻውን። ጉበታችን ውስጥ ገብቶ ነው ወደ ሞርፊን የሚለወጠው። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ሥራ የሚያፋጥነው ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ። በሰሜን አውሮፓውያን ይህ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ለአውሮፓዊ የተመጠነውን ዶዝ ሲወስድ ሞርፊኑ ሊበዛበት፣ ትንፋሹም ሊዳከም ይችላል። አገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዴይንን ከለከለች። ደም የሰጡ ሐበሾች ባይኖሩ እስካሁን እንውጠው ነበር።

እዚህ አገር አዲስ መድኃኒት ለመሞከር የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማኅተም ስላለ ሁሉም ንጹሕ ነው አልልም። ቁጣህን ግን እዚህ ላይ አውለው፦ መድኃኒቱ ቢሠራ እኛ ፋርማሲ ይገባል ወይ? በስንት ብር? ይህን አስቀድሞ የማይመልስ አጥኚ እኔንም ያስቆጣኛል።

ጥያቄ፦ ጤነኛ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ለመድኃኒት ሙከራ ሁለት ሳምንት ለሚተኛ ሰው ደህና ብር ይከፈላል፣ ኪራይ ደግሞ ጨርሶኛል። ጥቁር አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ «ተስኪጊን አልሰማህም?» ብሎ ሳቀብኝ። ልግባ? *(ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

መልስ፦ ተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 የቂጥኝ ሕመም ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ሳይነገራቸው የተጠኑበት፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ የተተዉበት ነው። እሱ ከተጋለጠ በኋላ አሜሪካ በ1974 ሕግ አወጣች፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ውስጥ ለመግባት ፈቃድህ ያስፈልጋል። ባልደረባህ ግን ያልሆነ ነገር አላወራም።

ለጤነኛ ሰው የሚከፈልበት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ሙከራ ነው፣ መድኃኒቱ ሰው ውስጥ ገብቶ የማያውቅም ሊሆን ይችላል። በ2006 ለንደን ውስጥ እንዲህ ባለ ሙከራ መድኃኒቱን የወሰዱት 6 ጤነኛ ወጣቶች በሰዓታት ውስጥ በጽኑ ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ። እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። መድኃኒቱ ሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ብትጎዳ ማን እንደሚከፍልም ቅጹ ላይ ፈልግ።

ብሩ እንዳያመልጥህ ብለህ ግን በሽታ አትደብቅ፣ የምትወስደውን መድኃኒትም፣ ጫትም ቢሆን። ሁለት ሙከራ ላይ ባንዴ አትግባ። ለኪራዩ ሌላ መላ ካለህ እሱን ሞክር፤ ከሌለህና ቅጹን አንብበህ ከገባህ፣ ውሳኔው ያንተ ነው።