የ1830ዎቹን የስቴንስል መመሪያ እንዳለ መከተል ይቻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። እነዚህን መጻሕፍት የሚወድ ሰው ብዙ አይገኝም። እንደገባኝ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለንደን የታተመ መመሪያ እጅሽ ገብቷል። በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት) እና በውሃ ቀለም ፍራፍሬና አበባ መሥራት ያስተምራል። አንቺም እንዳለ ልከተለው ወይ፣ ቀለሞቹንስ ከየት ላምጣ ብለሻል። አሠራሩን አምነሽ ተከተይ፤ የቀለም ቅመማውን ግን ተዪው።

ከቅመማው ልጀምር፣ የጤና ጉዳይ ነውና። የዚያን ዘመን መጻሕፍት «የንጉሥ ቢጫ» የሚሉት ቀለም አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት። ኤመራልድ አረንጓዴም አርሴኒክና መዳብ ነው። ቨርሚሊየን ከሜርኩሪ፣ ክሮም ቢጫ ከእርሳስ ብረት (ሌድ) ይሠራል። ዱቄቱን ቤት ውስጥ መፍጨት በፍጹም አይሞከርም። አሁን በቱቦ የሚሸጠው የውሃ ቀለም ይበቃሻል። ከድሮዎቹ ፕሩሺያን ሰማያዊ ዛሬም በየሱቁ አለ፤ እሱን ሳትፈሪ ተጠቀሚበት።

መጽሐፉንም ራሱን ተጠንቀቂ። በእጅ ቀለም የተቀቡ ሥዕሎች ካሉበት ወይም ሽፋኑ ደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ ከሆነ ጓንት አድርጊ። ጣትሽን በምራቅ እያራስሽ አትግለጪ። አሜሪካ ደላዌር ያለው ዊንተርቱር ሙዚየም ከ2019 ጀምሮ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መጻሕፍት እየመረመረ፣ በአረንጓዴ የጨርቅ ሽፋኖች ላይ ይህንኑ የአርሴኒክ ቀለም አግኝቷል።

አሁን ወደ ዋናው። ይህ ሙያ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ በተለይ ከ1810 እስከ 1840 ባለው ጊዜ በልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር፤ ቲዎረም ይሉታል። በነጭ ከፋይ (ቬልቬት ጨርቅ) ላይ የተሠሩ የፍራፍሬ ቅርጫቶች ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። ምስጢሩ አከፋፈሉ ላይ ነው፦ የሚነካኩ ሁለት ቅርጾች አንድ ስቴንስል ላይ አይቆረጡም። የወይን ዘለላ ልትሠሪ ነው እንበል። ንድፉን ሣይና በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ ቁጥር ጻፊ፤ ጎረቤታሞች አንድ ቁጥር አይደርሳቸውም። ከዚያ 1 ያለባቸውን ሁሉ በአንድ ወረቀት፣ 2 ያለባቸውን በሌላ እያልሽ በከተር ቁረጪ። አብዛኛው ሥራ በሦስት ወይም በአራት ወረቀት ያልቃል።

ወረቀቱን የዚያን ዘመን ሠሪዎች በተልባ ዘይት ነክረው፣ አድርቀው፣ ቫርኒሽ ይቀቡት ነበር። አንቺ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ብትጠቀሚ ይሻላል፤ ሥር ያለው ስለሚታይ ማጋጠሙ አያስቸግርም። የግድ በዘይቱ እሠራለሁ ካልሽ፣ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨብጠሽ አትጣዪው። በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጪ ዘርግተሽ አድርቂው።

እኔ ያነበብኳቸው መመሪያዎች አንድ ነገር በአንድ መስመር ያልፋሉ፤ ሥራው የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው። ብሩሹ ደረቅ መሆን አለበት። አጭር፣ ጠጉሩ ጠንከር ያለ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ብሩሽ ያዢ። ቀለሙን በትንሹ ንኪ፣ ከዚያ ሶፍት ላይ እያሸሽ አራግፊው። ሶፍቱ ላይ ምልክት የማይተው እስኪመስል ድረስ። እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ከስቴንስሉ ሥር ይገባና ጠርዙን ያበላሸዋል። ብሩሹን ከጠርዙ ጀምረሽ እያዞርሽ ወደ መሐል አምጪ፤ መሐሉን ነጭ ተዪው። ጠርዙ ጠቆር፣ መሐሉ ፈካ ሲል ፍሬው ክብ ሆኖ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ባንድ ጎኑ ብቻ ደመቅ ያለ ቀለም ድገሚ። የቅጠሉ ሥሮችና የወይኑ ጠምዛዛ ክሮች መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ በእጅ ይሠራሉ።

ከፋይ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ቀለሙን በሙጫ ወፈር አድርጊው። የግራር ሙጫ ይሆናል፣ በእኛም አገር ቆላ የሚሰበሰበው። መጽሐፉ የሙጫውን ውሃ በፓይንት (የፈሳሽ መለኪያ) ከሰጠ ግን ልብ በዪ። ከ1826 ወዲህ የእንግሊዝ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአሜሪካው 473 ነው። ያንቺ መጽሐፍ የለንደን ስለሆነ የመጀመሪያውን ውሰጂ።

ተጣጥፈው የገቡ ንድፎች ካሉት ደግሞ ዋናው ላይ እርሳስ አታሳርፊ፣ በስልክ አንስተሽ አትሚው። ፎቶውን እዚህ ብትለጥፊው ቁጥር አወጣጡን አብረን እናየዋለን።