መልስ፦ ክንፍ ያወጣ ፌንጣ ላይ ዲፍሉቤንዙሮን (የነፍሳት መግደያ መድኃኒት) ይሠራል?

አይሠራም፤ ገንዘብህን አታባክን። የጋራ ግጦሹን የወረረው ፌንጣ መብረር ከጀመረ ጊዜው አልፏል። መድኃኒቱ የሚገድለው ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ቆዳውን ሲቀይር ነው፤ አዲሱ ቆዳ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ክንፍ ያወጣው ግን ከእንግዲህ ቆዳ አይቀይርም።

አሁን የምትችለው ይህን ነው፦

1. እንቁላል የሚጥልበትን ቦታ ለይ። ሴቷ የሆዷን ጫፍ አፈር ውስጥ ቀብራ ቀጥ ብላ ስትቆም ታያታለህ። ቦታውን ምልክት አድርግበት።

2. በቀጣዩ ወቅት እዚያው ሄደህ ኩብኩባዎቹን ፈልግ፤ ገና ትንንሽ ሳሉ መድኃኒቱን እርጭ። መሬቱን በሙሉ መሸፈን የለብህም። አንዱን ሰቅ (ረጅምና ጠባብ ቁራሽ መሬት) ረጭተህ ቀጣዩን ዝለል። ኩብኩባው ሲንቀሳቀስ የተረጨው ሣር ውስጥ ይገባል፤ ባልተረጨው ላይ ፌንጣ የሚበሉ ነፍሳት ይተርፋሉ። ወጪውም ይቀንሳል።

ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርህ። ሰው ሲጨንቀው ያገኘውን ጠንካራ መርዝ ይረጫል፤ ከፌንጣው እኩል ንቡም ይረግፋል። እባክህ እንዲህ አታድርግ። መሬቱ የጋራ ስለሆነም ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ሳትይዝ፣ ከብትና ቀፎ ላላቸው ሁሉ ቀኑን ሳትነግር አትርጭ። ከብቶቹ ከግጦሹ መራቅ ካለባቸው ስንት ቀን እንደሆነ የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን አንብብ።